ድቡልቡል ነገር በሰው ልጅ ታሪክ ውስጥ፤ ከባሮ ዳር ሲታይ

ነገሥታት ዜና መዋዕል ጸሐፊ ነበራቸው። ጦርነት፣ ንግድና ሃይማኖትም ታሪክ ጸሐፊ አላጡም። ድቡልቡል ነገር ግን ከሰው ልጅ ጋር አብሮ እየተንከባለለ እዚህ ዘመን የደረሰ ሆኖ ሳለ፣ ለክብሩ የሚመጥን ጥራዝ ሳይወጣለት ቀርቷል። ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። ማዕዘን ያለው ነገር ለታሪክ ይመቻል፤ ባስቀመጡት ስፍራ ይገኛል። መዝገቡ፣ ሣጥኑ፣ የጽሕፈት ቤቱ ግድግዳ፣ ማኅተም የሚያርፍበት ወረቀት፣ ሁሉም ባለማዕዘን ናቸው። ድቡልቡሉ ነገር ግን ጠረጴዛ ላይ አኑረውት ብዕር እስኪነሣ ድረስ ከጠረጴዛው ሥር ገብቷል። ተንበርክኮ መፈለግ ደግሞ ለምሁር ማዕርግ የሚስማማ ሥራ ሆኖ አልተገኘም።

እንዲህ ያለውን ታሪክ ለመጻፍ የሚደፍር ሰው ቢነሣ መጽሐፉ ምን መልክ እንደሚኖረው መገመት አያዳግትም። በመጀመሪያ ነገሩን በደረጃ ይከፋፍለዋል። የኅብረተሰብን ዕድገት በአምስት ደረጃ እየቈጠረ የተማረ ትውልድ ኳስንም ቢሆን ያለ ደረጃ አይቀበልምና።

የመጀመሪያው ደረጃ የድንጋይ ይሆናል። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በላይኛው አዋሽ ሸለቆ ከሚገኘውና በ2024 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበው ከመልካ ቁንጡሬ፣ ከመጥረቢያውና ከመፋቂያው ድንጋይ ጋር ድቡልቡል ድንጋዮችም ወጥተዋል። ስለ እነዚህ ዓይነት ድንጋዮች ሊቃውንቱ ለሁለት ይከፈላሉ። አንዱ ወገን ድንጋዩ ሌላ ድንጋይ ሲቀጠቅጥ ኖሮ ጠርዝ ጠርዙ እያለቀ ሳይታሰብ ድቡልቡል ሆነ ይላል። ሌላው ወገን የለም፣ ሠሪው አስቦና ዐቅዶ ያድበለበለው ነው ይላል። በሥነ ጥበብ ስብሰባ ላይ ተቀምጦ ቅርጽ ይቀድማል ወይስ ይዘት የሚለውን ሙግት እስከ ምሽት ያዳመጠ ሁሉ ይህን ክርክር ያውቀዋል። እንግዲህ ሂስ የድቡልቡል ነገር እኩያ ነው ማለት ነው።

ሁለተኛው ደረጃ የሸክላ ነው። የጋን ሆድ ተነፍቶ ሲሠራ ሠሪዋ አልተሳሳተችም፤ ማዕዘን ያለው ሸክላ የሚሰነጠቀው ከማዕዘኑ ነውና። ችግሩ መቆም ላይ ነው። «ጋን በጠጠር ይደገፋል» የሚለው ምሳሌ ብዙውን ጊዜ የሚጠቀሰው ትልቁ ሰው ትንሹን እንዳይንቅ ለመምከር ነው፤ ለድቡልቡል ነገር ታሪክ ግን ተራ የምሕንድስና መግለጫ ሆኖ ያገለግላል። ሦስተኛው ደረጃ የአምልኮ ነው፤ በብዙ የደገኛው አገር አብያተ ክርስቲያናት ጉልላት ላይ የሰጎን ዕንቁላል ተሰክቶ ይታያል። ሰጎን ራሷ ከቆላ ሳትወጣ ዕንቁላሏ ደገኛ ሆኗል። አራተኛው ደረጃ የጦር ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩት ሴባስቶፖል በመቶ በሚቈጠሩ ሰዎች ተጎትቶ መቅደላ ወጣ፤ በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ሲደርስ ግን የጦርነቱን ውጤት አልለወጠም። አረሩ ተረስቶ አረሩን ሊወረውር የተሠራው ዕቃ ዝነኛ ሆኖ መቅረቱ የድቡልቡል ነገርን ወዳጅ ሁሉ የሚያሳዝን ነው።

አምስተኛውና የመጨረሻው ደረጃ የጨዋታ ነው። በገና ጨዋታ ጌታ በሎሌው አይቆጣም ተብሎ ስለሚታመን፣ ሩር በዓመት አንድ ቀን የመደብ ልዩነትን ለጥቂት ሰዓት የምታግድ ብቸኛ ድቡልቡል ነገር ነበረች ማለት ይቻላል። ከእርሷ በኋላ የጨርቅ ኳስ፣ ከጨርቅ ኳስም በኋላ በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የኢትዮጵያ ቡድን የተባበረችውን ዐረብ ሪፐብሊክ 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣባት ኳስ ትመጣለች። ጸሐፊው መጽሐፉን እዚህ ላይ ቢዘጋ የሚቀየመው አንባቢ የለም።

ይሁን እንጂ ይህ ታሪክ የሚያስቅ ያህል የሚያጠራጥርም ነው። ከሥራ ወደ አምልኮ፣ ከአምልኮ ወደ ጦር፣ ከጦር ወደ ጨዋታ ያለ አንዳች መሰናክል መንከባለሉ ራሱ አጠራጣሪ ነው። ከዚህም በላይ፣ በሰው እጅ ከተሠሩት ድቡልቡል ነገሮች ሁሉ በቍጥር የሚበዛው ምን እንደ ሆነ ለተጠየቀ ሰው መልሱ ድንጋይም ጋንም ኳስም አይደለም፤ ዶቃ ነው። ዶቃ ግን በአምስቱ ደረጃዎች ውስጥ ስፍራ አላገኘም። ጸሐፊው ቢበዛ በመጨረሻው ምዕራፍ «ጌጣጌጥ» የሚል ንዑስ ርእስ ያወጣና ከአምባርና ከጉትቻ መካከል ሁለት አንቀጽ ይሰጠዋል። ያንንም የሚያደርገው ለሴቶች ክብር ነው ብሎ ነው።

ቋንቋው ራሱ አስጠንቅቆት ነበር። ሉል በግእዝ ዕንቍ ነው፤ በአንገት የሚንጠለጠል። የጂኦግራፊ መምህር በክፍል ውስጥ እያዞረ የሚያሳየውን የምድር አምሳልም አማርኛ ሉል ይለዋል። የአንገቱ ነገርና ዓለሙ በአንድ ስም የሚጠሩበት ቋንቋ ባለቤት የሆነ ጸሐፊ፣ ዶቃን ከጌጣጌጥ ተራ ከማሰለፉ በፊት ቆም ብሎ ማሰብ ይገባው ነበር። ዶቃ ጌጥ ብቻ ሳይሆን ሕግም፣ ሹመትም፣ የጋብቻ ውልም የሆነበትን ምሳሌ በአገራችን ውስጥ ለሚፈልግ ደግሞ መንገዱ ወደ ጋምቤላ ይወስደዋል።

ባሮ ከደጋው ወርዶ በጋምቤላ ከተማ ሲያልፍ ከባሕር ወለል በላይ ያለው ከፍታ 500 ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ለጥ ባለ ሜዳ ላይ እየተዝናና ወደ ነጭ ዓባይ ያመራል። ስለ ከተማይቱ በመጻሕፍት በብዛት የሚገኘው ታሪክ በ1894 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ያደረጉት ውል ነው። በውሉ መሠረት በባሮ ዳር ለንግድ ጣቢያ የሚሆን መሬት ተከራየ፤ ወንዙን ተከትሎ ርዝመቱ ከ2000 ሜትር፣ ስፋቱም ከ400 ሄክታር እንዳይበልጥ ተወሰነ። ውሉ የኢታንግን አካባቢ ቢጠቅስም ጣቢያው የቆመው ጋምቤላ ላይ ነው። በክረምት ወንዙ ሲሞላ ከካርቱም የሚመጣው የእንፋሎት መርከብ ሸቀጥ አራግፎ የኢሉባቦርንና የወለጋን ቡና ይዞ ይመለስ ነበር። ሱዳን ነፃነቷን ካገኘች በኋላ በ1956 እ.ኤ.አ. ጣቢያው ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። ይህ ሁሉ በሜትርና በሄክታር የተለካ፣ በሚገባ ባለማዕዘን የሆነ ታሪክ ነው። የአኙዋ ዶቃ ግን ከውሉ በፊት ነበረ፤ የሚለካውም በሌላ ነው።

የአኙዋ አፈ ታሪክ እንደሚለው፣ ልጆች በዓሣ ሲጣሉ ከወንዙ የወጣ አንድ እንግዳ ደርሶ ፍርድ ሰጣቸው። ሰዎቹም ይህን ፍርድ ዐዋቂ ይዘው ወደ መንደር አመጡት። የመንደሩ አለቃ ሴት ልጅ ከእርሱ ጸነሰች፤ እርሱ ግን ወደ ውኃው ተመለሰ። የተወለደው ልጅ ጊሎ ተባለ፤ በክልሉ ከሚፈሱት ወንዞች አንዱም በዚሁ ስም ይጠራል። የእንግዳው ምልክት ሆኖ ለዘሩ የቀረው ኦቿክ የሚባለው የዶቃ ሐብል ነው። ኒያ የሚባሉት የአኙዋ መኳንንት የሚቈጠሩት ከዚህ ዘር ሲሆን፣ የሹመታቸው ዋና ምልክትም ይኸው ሐብል ነበር።

ተረቱን እንደ ተረት ብቻ አድርጎ የሚያነብ ሰው አንድ ነገር ያመልጠዋል። የብዙ አገር የመንግሥት አመጣጥ ታሪክ የሚጀምረው በድል ነው፤ አንዱ ጎበዝ ይነሣል፣ ሌላውን ይገድላል፣ ይነግሣል። እዚህ ግን ሥልጣን የሚጀምረው በአንድ ዓሣ ላይ በተሰጠ ፍርድ ነው። ዶቃው የድል ምርኮ ሳይሆን የዳኝነት ማስታወሻ ነው። እንግዳው ጦር ትቶ ሄዶ ቢሆን ኖሮ ተረቱ ሌላ ተረት ይሆን ነበር፤ የተረቱ ደራሲ ሕዝብ ግን ዶቃ መረጠ።

የኋለኛው ታሪክ እንደ ተረቱ ሰላማዊ አልነበረም። አባቱ ኦቿክን ያላሰረ ሰው የመኳንንትነት መብቱን ስለሚያጣ፣ እያንዳንዱ ኒያ ለጥቂት ጊዜም ቢሆን ሐብሉን በአንገቱ ማሳረፍ ነበረበት። ለራሱ ክብር ብቻ አይደለም፤ ካላሳረፈ ልጆቹ ከተርታው ሰው ይቀላቀላሉ። ስለዚህም ኒያዎቹ በሐብሉ ይዋጉ ነበር። በዝሆን ጥርስ የተለወጠው ጠመንጃ ከደጋው ሲገባ ውጊያው ከፋ። እዚህ ላይ የድቡልቡል ነገር ታሪክ ጸሐፊ አንድ የሚያስገርም ተቃርኖ ያገኛል። በጥንቱ ጠመንጃ ጥይት ራሱ ድቡልቡል ነበር፤ ውጅግራና መሰሎቹ ሲመጡ ግን ሾጣጣ ሆነ። ድቡልቡሉን ነገር ለማግኘት ሾጣጣው ነገር ተተኮሰ ማለት ነው። ከሴባስቶፖል ጋር ሲተያይማ ነገሩ ይበልጥ ይገርማል፤ ያኛውን ድቡልቡል አረር ለመወርወር በመቶ የሚቈጠር ሰው ተራራ ላይ መድፍ ጎተተ፣ ይህኛው በአንድ ሰው አንገት ላይ ሆኖ መንደር ሁሉ ከኋላው ተከተለ።

ይህን ሥርዐት በሰፊው የጻፈው እንግሊዛዊው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ኢቫንስ-ፕሪቻርድ ነው። መጽሐፉ በ1940 እ.ኤ.አ. ታተመ። ሰውዬው ሥራውን የሠራው የሱዳን ቅኝ አስተዳደር በነበረበት ዘመን ነው፤ ከዚያም በኋላ በጦርነቱ ጊዜ የአኙዋ ተዋጊዎችን ይዞ በዚያው አካባቢ ጣሊያንን ተዋግቷል። እንግዲህ ዕውቀቱ ከአስተዳደርና ከጦር ጥቅም የራቀ ነበር የሚል ካለ ተሳስቷል። አንድ ነገር ግን ሊመሰገንበት ይገባል። የመጽሐፉ ርእስ ስለ አኙዋ የፖለቲካ ሥርዐት ነው የሚናገረው፤ ዶቃውም የገባው እዚያ ውስጥ ነው። ለቅኝ ገዥ ቅርብ የነበረው ሰው ዶቃውን ፖለቲካ ብሎ ሲያነበው፣ ከእርሱ በኋላ የመጡ ብዙ የራስ ወገን ጸሐፊዎች ወደ ጌጣጌጥ ክፍል መልሰው ማስገባታቸው ሊያስቆጭ ይገባል።

ኦቿክ የመኳንንቱ ነው። ተራውን ሰው የሚመለከተው ዶቃ ዲሙይ ይባላል፤ ከመስተዋት የተሠራ ሰማያዊ ዶቃ ነው። በባሮ ዳር የመስተዋት እቶን አልነበረምና ከሩቅ በንግድ የመጣ መሆኑ ግልጽ ነው፤ ሆኖም ዲሙይ የሚባለው ከጥንት የተወረሰው እንጂ አዲስ የሚገዛ አልነበረም። አንድ አኙዋ ሲያገባ ለልጅቱ ቤተ ሰብ የሚከፍለው ጥሎሽ ዲሙይ ነበር። የተከፈለው ዶቃ ደግሞ በሣጥን አይከማችም፤ የልጅቱ ወንድም በተራው ሲያገባ እርሱን ይከፍላል። ከዚያ ቤት ወደ ሌላው፣ ከሌላውም ወደ ሦስተኛው ያልፋል። አንድ ዶቃ የስንት ጋብቻ ምስክር እንደ ሆነ አስቦ ለማያውቅ ሰው ይህ ሰማያዊ መስተዋት ነው። ለሚያውቀው ግን የዘመዶች መዝገብ ነው፤ ልዩነቱ መዝገቡ ባለማዕዘን አለመሆኑ ብቻ ነው።

የኑዌር ጥሎሽ ደግሞ ከብት ነው። እዚህ ላይ ቀልድ የሚመስል ግን ቀልድ ያልሆነ ሒሳብ አለ። ላም ትወልዳለች፤ ዲሙይ አይወልድም። ሕዝብ ሲበዛ ከብቱም ይበዛል፤ የዶቃው ቍጥር ግን ያው ነው፣ ሲሰበርና ሲጠፋም ይቀንሳል። የአኙዋን ልጃገረድ በከብት ያገባ ኑዌር ነበረ፤ የኑዌርን አማት በዶቃ ማስደሰት ግን የማይታሰብ ነው። ስለዚህ በሁለቱ ሕዝቦች መካከል የነበረው የጋብቻ በር በአንድ በኩል ሰፊ፣ በሌላው በኩል ጠባብ ሆኖ ኖረ። ስለ ሁለቱ ጎረቤታሞች ግንኙነት ብዙ ተጽፏል፤ ስለ መሬት፣ ስለ ውኃ፣ ስለ ግጦሽ፣ ስለ ጠመንጃ። አንዱ ገንዘብ የሚወልድ፣ ሌላው የማይወልድ መሆኑ ከእነዚህ ተርታ ሊታይ የሚገባው ሲሆን፣ ዶቃ «ጌጥ» ተብሎ በቀረበት ጽሑፍ ውስጥ ግን ጭራሹን ሊታይ አይችልም።

በዚህ ሁኔታ ላይ ሳለ ነው ክልከላ የመጣው። ከ1966 ዓ.ም. በኋላ የነበረው ወታደራዊ መንግሥት የኒያዎችንና ኳሮ የሚባሉትን የመንደር አለቆች ሹመት ሲሽር፣ ዲሙይንም የኋላ ቀር ልማድ ብሎ ከለከለ፤ ጥሎሹም በገንዘብ እንዲተካ ተደረገ። ስለዚህ ክልከላ በግራም በቀኝም ብዙ ይባላል። ሚዛናዊ ሂስ ሁለት ነገር ማየት አለበት።

ዲሙይ ንጹሕ አልነበረም። ወጣቱ በአባቱና በአጎቶቹ እጅ ባለው ዶቃ የታሰረ ነበር፤ ዶቃ የያዙት ሽማግሌዎች ሳይፈቅዱ ትዳር አልነበረም። እህት የሌለው ወንድም የሚተማመንበት የጥሎሽ ምንጭ አልነበረውም። ከሁሉ በላይ ልጃገረዲቱ ራሷ የወንድሟ ጋብቻ መክፈያ ምንጭ ነበረች፤ ትዳሯ ቢፈርስ ዶቃው ይመለስ የሚል ጥያቄ ስለሚነሣ፣ የራሷ ደስታና ሐዘን በሌሎች ትዳር ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ይህን ሳይጠቅስ ዲሙይን የሚያወድስ ጽሑፍ ትዝታ እንጂ ሂስ አይባልም።

ይሁን እንጂ ክልከላው የተሳሳተው ዶቃውን በመንካቱ ሳይሆን ዶቃውን ባለማንበቡ ነው። ጌጥ ነው ተብሎ የተመዘገበ ነገር ሲቀር ማን ይጎዳል? አንገት ባዶ ይሆናል፣ ይኸው ነው። ነገሩ ጌጥ ቢሆን ኖሮ ክርክሩ እዚህ ላይ ባበቃ ነበር። ዲሙይ ግን አንድ ቤት ከሌላው ቤት ጋር ያለበትን ግዴታ የያዘ ነው፤ ዶቃው ሲነሣ ግዴታው አብሮ አልተነሣም። የእህትን ጥሎሽ ይዞ የወንድምን ተራ ይጠብቅ የነበረው ነገር ብር ሆነ፤ ብር ደግሞ የወንድም ተራ እስኪደርስ ሣጥን ውስጥ አይቀመጥም፣ ጨው ይገዛበታል፣ ልብስ ይገዛበታል፣ ወደ ገበያ ይሄዳል። ልጃገረዲቱ ከመክፈያነት አልወጣችም፤ የተለወጠው የምትመነዘርበት ነገር ነው። ጭቆናውን ለማስወገድ የታለመ ሥራ የጭቆናውን ዕቃ አስወግዶ ጭቆናውን በቦታው መተዉ፣ በአንድ የምደባ ስሕተት ምክንያት የደረሰ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። መዝገብ የሚሞሉ፣ ዕቃ የሚመድቡና መግለጫ የሚጽፉ ሰዎች ሥራቸው ከፖለቲካ የራቀ እንደ ሆነ ሲያስቡ ይህን ቢያስታውሱ መልካም ነው።

ነገሩ ያለፈ ነው ብሎ መተው አይቻልም፤ ስሕተቱ በሌላ መልክ በመድረክ ላይ ይታያልና። የአኙዋ ውዝዋዜ ሲቀርብ ዶቃ አይጠፋም፤ የመድረክ አስተዋዋቂውም «በዶቃ ያሸበረቁ» ይላል። የአለባበስ ክፍሉ ዶቃውን ከገበያ በኪሎ ይገዛል፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ለመብራቱ የሚስማማውን ይመርጣል። በዚህ ብቻ ማንም ሊወቀስ አይገባም፤ ተወዛዋዡ እውነተኛውን ዲሙይ አስሮ ይዝለል የሚል ሰው ጤነኛ አይደለም። የሚያሳስበው ሌላ ነው። ተመልካቹ ከአዳራሽ ሲወጣ ስለ ጋምቤላ ያወቀው ነገር ቀለም ብቻ ይሆናል። ውዝዋዜውን የሚያዘጋጅ ሰው ከዚያው ዶቃ ውስጥ ሙሉ ድራማ ሊያወጣ ይችል ነበር፤ ወንድሟ የሚያገባበት ዲሙይ ሞልቶ እርሷ ግን ባሏን የማትፈልግ ልጃገረድ አለች፤ ሐብሉን ለአንድ ቀን ለማሰር ሩቅ የሚሄድ ኒያ አለ፤ በዓሣ የተጣሉ ልጆችና ከውኃ የወጣ ዳኛ አሉ። ይህ ሁሉ ለቴአትር የተሰናዳ ግጭት ነው። እየተመለከቱት «አሸበረቁ» ብሎ ማለፍ ስንፍና ነው።

በቤተ መዘክርም ቢሆን መግለጫውን ማስተካከል ብዙ ወጪ አይጠይቅም። በተለመደው ልማድ አንድ የዶቃ ሐብል ባለማዕዘን የመስተዋት ሣጥን ውስጥ ተደርጎ ከሥሩ «የአኙዋ ብሔረሰብ የአንገት ጌጥ» የሚል ካርድ ይቀመጥለታል። ካርዱን የሚጽፈው ሰው ዕቃውን ከሚሰጡት ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ዘንድ ቁጭ ብሎ፣ ዶቃው ከማን እጅ ወጥቶ ለማን እጅ እንደ ገባ፣ በየትኛዋ እህት ጋብቻ መጥቶ በየትኛው ወንድም ጋብቻ እንደ ሄደ ቢጠይቅ፣ የሴቶቹን ስም ሳይዘነጋ በቅደም ተከተል ቢመዘግብ፣ ካርዱ ረዘም ይላል፤ ምናልባትም ሣጥኑ ላይ አይበቃ ይሆናል። እንዲህ ከሆነ ሣጥኑን ማስፋት ነው።